መሬት ያልነካ ቅጠል

ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር የልብስ ሰፊዋ አማት ጠፍተው ይውላሉ። ጠዋት ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳለው ጫካ ይሄዳሉ፤ አመሻሽ ላይ ጉልበታቸውን እያሹ፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ይመለሳሉ። የሰበሰቡትን ለማንም አያሳዩም። በሰፈሩ «አሮጊቷ ያውቃሉ» ይባላል፤ ምን እንደሚያውቁ ግን ደፍሮ የሚናገር የለም። የአውቶቡስ ሹፌሩ ልጃቸው ሲጠየቅ ነገሩን በሳቅ ያልፈዋል። «እናቴ ጠንቋይ ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ ያንን የገበያ መንገድ ጉድጓድ ትደፍንልኝ ነበር» ይላል።

ልብስ ሰፊዋ የሱ ሚስት ናት። ከመኖሪያቸው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ቬሎ ትሰፋለች፤ ነጭ ጨርቅ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተንጠልጥሎ ሰው እየገለጠ ነው የሚገባው። በየማታው፣ ሥራ ላይ ሳለች፣ አማቷ ደረጃውን ቀስ ብለው ወርደው የሞቀ ሻይ ያቀብሏታል። «ብርድ እንዳይመታሽ» ይሏታል። ጨርሳ እስክትጠጣ ቆመው ይጠብቁና ብርጭቆውን ይዘው ይመለሳሉ። ጎረቤት አማትና ምራት መሆናቸውን ረስቶ «እናትሽ ደህና ናቸው?» እያለ ይጠይቃታል፤ እሷም አታርምም። ልጅ ባለመውለዷ ከሰው አፍ ብዙ ነገር ስትሰማ፣ ከአማቷ አፍ አንዲት ክፉ ቃል ወጥታ አታውቅም።

በዚህ ዓመት የአሮጊቷ ጉልበት እምቢ አለ። አንድ እሁድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ዛሬ አብረሽኝ ትወጪያለሽ» አሏት።

«ጫካ? እኔ?»

«አንቺ ነሻ። ሌላ ማን አለኝ?»

ደስ አላት። ስንት ዓመት የተደበቀ ነገር ሊገለጥላት ነው። ቅርጫቱን ተቀብላ በአንድ እጇ አማቷን ደግፋ ሐዲዱን ተሻገረች።

ጫካው ውስጥ አሮጊቷ ሌላ ሰው ሆኑ። ድምፃቸው ዝቅ፣ ዓይናቸው ፈጠን አለ። «መሬት የነካ ቅጠል አይረባም» አሏት። «ከዛፉ ሲወርድ በአየር ላይ ነው የሚያዘው።» ምራቲቱም፣ ያን የምታክል ሴት፣ እንደ ሕፃን እጇን ዘርግታ ከቅጠሉ ኋላ ስትሮጥ ሻሿ ወለቀ። አንዱን ስትይዝ ሁለቱ ያመልጧታል። ሳቋ መጣ፤ አማቷም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ቀይ ፍሬ ከነእሾሁ ለቀሙ፤ በግራ እጅ ብቻ። ፀሐይ በማያየው ጎን ግንዱ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ የዛፍ ሽበት በጥፍራቸው ፋቁ። እባብ ጥሎት የሄደ ቆዳ አገኙና አማቷ እንደ ሐር ጨርቅ ቀስ አድርገው አጣጠፉት።

«ለምንድን ነው ግን እማማ?»

«ቤት ለመጠበቅ።»

«ከሌባ?»

«ከሌባ የባሰ አለ።»

እያወሩ አንድ ያረጀ ዛፍ ሥር ደረሱ። ግንዱ ከሥሩ ተቦርቡሮ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ሠርቷል። «እኔ መንበርከክ አልችልም» አሉ አማቷ። «እጅሽን አስገቢ። የአምናው አለ፤ እሱ ይወጣና የዘንድሮው ይገባል።»

አስገባች። እርጥበት፣ የበሰበሰ እንጨት፣ ከዚያ ጨርቅ። ስባ አወጣችው፤ ጭብጥ የምታክል፣ በክር የታሰረች ቋጠሮ ናት። ጨርቁን ስትዳስሰው ጣቶቿ ቀድመው አወቁት። የራሷ ቬሎ ገበር ነው። ራሷ ቆርጣ ራሷ የሰፋችውን፣ ለሠርጓ የለበሰችውን ማን ይረሳል?

«አትፍቺው!» አሉ አማቷ። ክሩን ግን በጥርሷ በጥሳዋለች።

ውስጡ የፀጉር ጉንጉን አለ፤ የሷው ፀጉር። የደረቀ ሥር አለ። ከሥሩ ጋር የተጠቀለለች፣ ከአውራ ጣቷ የማትበልጥ፣ ቢጫ የሕፃን ካልሲ አለች።

ባገባችበት ዓመት ተደብቃ በኪሮሽ የሠራችው ጥንድ ነበር። አንደኛው ጠፍቶባት ቤቱን ገለባብጣ ፈልጋ፣ አልጋ ሥር ተኝታ አልቅሳ ነበር። ሁለተኛውን መሳቢያ ውስጥ ከታች አስቀምጣዋለች፤ ቆይቶ ያንን መሳቢያ መክፈት ተወች።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

«አዎ።»

«እዚህ ምን ያደርጋል?»

አሮጊቷ የወደቀ ግንድ ላይ ቁጭ አሉ። «እንዳትወልጂ ነው» አሉ፤ ‹ብርድ እንዳይመታሽ› በሚሉበት በዚያው ድምፅ።

የሰማችውን ደግመው እንዲናገሩት ጠበቀች፤ ምናልባት ሁለተኛው ጊዜ ሌላ ነገር ይሆናል።

«ቅጠሉ ሲረግፍ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰ ይፈታል» አሉ አማቷ። «ከእንግዲህ እኔ እዚህ ድረስ መምጣት አልችልም። ለዚያ ነው ያመጣሁሽ። ራስሽ ትማሪዋለሽ።»

ሥሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ሽታውን ታውቀዋለች። በየማታው አፏ ውስጥ ነበር።

«ሻዩ» አለች።

«ትንሽ ነው የማደርግበት። አይጎዳሽም።»

«አንቺ ሴትዮ! ምን አድርገሽኛል?» አንቺ ማለቷን ራሷ የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አሮጊቷ አልተቆጡም። ቀና ብለውም አላዩአት።

«ሁለት ሴት ልጆች ነበሩኝ» አሉ። «ባልሽ በትኩሳት ሞቱ ብሎሽ ይሆናል፤ እንደዚያ እንዲል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም በምጥ ነው የሄዱት። ትልቋ እዚህ፣ እጄ ላይ። ታናሿ በዓመቱ። እናቴም እኔን ሳትጠግብ እንደዚያው። ለምን እንደሆን እኔን ብቻ አለፈኝ። በዚህ ቤት ሴት ስታረግዝ የሬሳ ሳጥን ይታዘዛል። አንቺ መጣሽ፤ ወደድኩሽ። ምን ላድርግ?»

«እኔ እኮ የእናንተ ደም አይደለሁም!»

«የተያዘው ቤቱ ነው፣ ደሙ አይደለም።»

ቋጠሮውን ይዛ ጥላቸው ሄደች። ሐዲዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ብቻቸውን መነሣት እንደማይችሉ ታውቃለች። እየተሳደበች ተመለሰች፤ ክንዷን ሰጥታ እስከ ቤት ድረስ ደግፋ ወሰደቻቸው።

ባሏ መስኮቱ ሥር ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። ካልሲዋን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ፊት ለፊቱ አኖረችና ሁሉንም ነገረችው። እናቱ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ይጮሃል፣ ዕቃ ይሰብራል፣ እናቱን ያፋጥጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ካውያውን አቁሞ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«አላወቅኩም» አለ። «አባቴን ይንሳኝ አላወቅኩም።»

አመነችው። ሆኖም ፊቱ ላይ የምታየው ንዴት አልነበረም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው። «ፊትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እህቴ ስትሞት ከበሩ ውጭ ነበርኩ» አለ። «ጩኸቷን ሰምቻለሁ። በየወሩ አንቺ ስታለቅሺ አቅፍሻለሁ አይደል? ውስጤ ግን… እፎይ ይል ነበር።»

ከግንዱ ውስጥ የወጣው ነገር ያን ያህል አላደነዘዛትም ነበር። ስታለቅስባት የኖረችው ትከሻ ይህቺ ናት። እንደ ሞኝ፣ ለሁለት ሰው ያዘንኩት እኔ ብቻዬን ነኝ ብላ አሰበች። ወርዳ ቬሎዎቹ መሐል ተቀመጠች። ማንም ተከትሏት አልወረደም፤ ሻይም አልመጣም።

ሲነጋ ወጣችና ለሁለቱም፣ «ልበሱ» አለቻቸው። «ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ሦስታችንም።»

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሥሩን አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው። «ይሄ ማርገዝ ከልክሎሽ ይሁን አይሁን አልነግርሽም፤ አላውቅም። ይመረመራል። ግን ከዛሬ ጀምሮ አትጠጪው» አለች። መረመረቻት፤ ያን ቀን ባየችው ምንም ክፉ ነገር አላገኘችባትም። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን እየቆለፈች፣ «አሁን አማቴን ስለሞቱት ልጆቻቸው ይጠይቁልኝ» አለቻት።

አሮጊቷ መጀመሪያ አፈሩ፣ ከዚያ ተናገሩ። ሐኪሟ እያዳመጠች፣ «እግራቸው ያብጥ ነበር?» አለች።

«ጫማ እምቢ እስኪል።»

«ራስ ምታትስ? ዓይናቸው ጭጋግ ይሆንባቸው ነበር? መጨረሻ ላይ ተንቀጠቀጡ?»

አሮጊቷ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሡ። «ማን ነገረሽ? ማን ነው የነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ሐኪም አይቷቸው ነበር?»

«የት አባቱ ሐኪም! ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ሳላያቸው እርግጠኛ መሆን አልችልም። ግን የነገሩኝ የደም ግፊት ይመስላል። በእርግዝና የሚመጣ አለ። ቀድሞ ከታወቀ አብዛኛውን ጊዜ ይታከማል።»

«ይታከማል?»

«አዎ።»

«ይታከማል ነው ያልሽው?»

ሐኪሟ ልጃቸውን አየች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅሳል።

ኮሪደሩ ላይ አሮጊቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና መነሣት አቃታቸው። ጉልበታቸው አይደለም፤ እግራቸው የሳቸው መሆኑን የረሱ ይመስላሉ። ነርሶች ይመላለሳሉ፣ ጋሪ ያልፋል። «ምልክቱን ሁሉ አይቻለሁ» ይላሉ ለማንም ሳይሆን። «እብጠቱን አይቻለሁ። እግራቸውን በቅጠል አሽቼላቸዋለሁ። ሐኪም ቤት አልወሰድኳቸውም፤ ቅጠል ልለቅም ሄድኩ።»

ምራቲቱ ከፊታቸው ቆማ ነበር። በደረቷ ያለው ንዴት እንዳለ አለ፤ ይቅርታ የሚባለው ነገር በአጠገቧም አላለፈም። ይሁንና አሮጊቷ እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው የሚይዙት ሲያጡ፣ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። ቀዝቅዟል።

«ስማቸው ማን ነበር?» አለች።

አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ። ልጆቹ ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ሁለቱ ስሞች ተጠርተው አያውቁም፤ ልጃቸው ሲሰማ፣ ተደግፎት ከነበረው የኮሪደሩ ግድግዳ ዞረ። መጀመሪያ የትልቋን ተናገሩ፣ ከዚያ የታናሿን፤ ከዚያ እንደገና ከትልቋ ጀመሩ፤ አንዲት ነርስ መጥታ «ቤተሰብ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ» እስክትል ድረስ።