የሊሙ ቆላ ጥጆች

ከሊሙ ገነት ቁልቁል እስከ ግቤ የተዘረጋው ሜዳ ዝናብ ካየ ከርሟል። ሣሩ ሲረገጥ እንደ ገለባ ይሰበራል። ከኮረብታው ሥር ምንጭ ቢኖርም፣ ግራዝማች ወልደሰማያት ለቡና ማጠቢያ ብለው ዙሪያውን በግንድ ካሳጠሩት ወዲህ ጭሰኛው ከብቱን የሚያጠጣው ከደረቀ ወንዝ ቆፍሮ ያገኘውን ጭቃ ነው።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሽማግሌው አባቦራ መንደሩን ሜዳው ላይ ሰበሰቡ። በድርቅ እንደሚደረገው ጥጆችን ከእናቶቻቸው ለይተው ሊያስጮኹ ነው፤ አላህ ሰምቶ እንዲራራ።

አይሻ ባሏ ሞቶ ከአንዲት ላምና ከጥጃዋ ጋር የቀረች ሴት ናት። ላሟ ያን ዕለት ጧት የቆመችው በሰው ድጋፍ ነበር።

"አባቦራ፣ ውሃውን የነሣን አላህ አይደለም። ያውልዎ፣ አጥሩ ከዚህ ይታያል።"

"ዛሬ የዱዓ ቀን ነው አይሻ። ቁጣሽን ዋጥ አድርጊው።"

"በምን ምራቄ?"

ሴቶቹ ሳቁ። አይሻ ግን አልሳቀችም። ጥጃዋን እየነዳች ወደ አጥሩ አቀናች፤ ሴቶቹም ጥጆቻቸውን ይዘው ተከተሏት።

ዘበኛው ፈለቀ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል።

"ደግሞ ምን ልትሉ መጣችሁ?"

"ማሎ ፈለቀ፣ እባክህ ጥጆቹን ብቻ አስገባልን" አለች አይሻ።

"ጥጃ ምን ያህል ይጠጣል! አስገቧቸው። አንዲት ላም ግን እንዳላይ!" ብሎ ከጥጆቹ ኋላ በሩን ዘጋ።

ጥጆቹ ጥቂት ተጎነጩና እናቶቻቸውን ፍለጋ ዞሩ። አጥሩ ገታቸው። ያን ጊዜ ጮኹ፤ ሁሉም ባንድ ላይ።

ሜዳው ላይ ላሞቹ ቀና አሉ። የያዟቸውን ወንዶች እየጎተቱ፣ በኋላም እየጣሉ፣ አቧራውን አስነሥተው መጡ። ከፊት የአይሻ ላም ነበረች። አጥሩን በደረቷ ገጨችው፤ ሌሎቹም ተደረቡበት። ግንዱ ተንቋቋና ወደቀ።

"መልሷቸው! እተኩሳለሁ!"

"እኛን ሳትመልስ እነሱን ልትመልስ?" አለች አይሻ።

ተኮሰ።

የአይሻ ላም አፏ ከውሃው ሳይደርስ ተንበረከከች፤ ከዚያ በጎኗ ወደቀች። የቀሩት በላይዋ ተሻግረው ጠጡ። ፈለቀ ያለችውን አንዲት ጥይት ጨርሶ ነበርና ባዶ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ግራዝማች ቤት ሮጠ።

አይሻ አላለቀሰችም። ገና የቆመ ግንድ አቅፋ ትወዘውዝ ጀመር። አባቦራ እያለከለኩ ደረሱ።

"አሁንም ልዋጠው?" አለቻቸው።

ጋቢያቸውን አውልቀው ጣሉ።

"ወደዚህ ግፊው። ጠልቆ ነው የተተከለው።"