ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር

ትርሲት መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ጋራዥ የከፈተችው ከወንድሟ ከባስልዮስ ጋር ነበር። እሱ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሲሄድ ብቻዋን ቀረች። ሰዉ ጎማ ከማስነፋት በቀር ሞተሩን ለሴት መካኒክ አምኖ አይሰጥም። ከማንም ጋር ሳትነጋገር የምትውልበት ቀን ብዙ ነው።

ጉም በዋጠው አንድ የሐምሌ ጧት፣ አቶ ሰላሃዲን የሚባሉ አዛውንት ነጋዴ አሮጌ የቤንዚን ቶዮታ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ቆላ ስወርድ ቀጥ ትላለች» አሏት። «ጥቂት ካረፈች ደግሞ ትነሣለች። እዚህ ደጋው ላይ ያሳየኋቸው ሁሉ ጤነኛ ናት ይሉኛል። አሁን አብሮኝ የሚሳፈር ጠፋ፤ ብቻዬን ነው የምነዳት።»

ትርሲት ብልጭታ መኖሩን ለማየት አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቀለች፤ ትርፍ ካንዴላ ሰካችበትና ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካችው።

«ቁልፉን ያዙሩት እስቲ፣ አባባ።»

ሰማያዊ ብልጭታ ጠቅ ጠቅ አለ። ምንም አልጎደለውም።

እሷም ጤነኛ ናት ብላ ልትሸኛቸው ትችል ነበር። ግን ሲሞቅ የሚነሣ ሕመም በዚህ ብርድ እንዴት ይታያል? አጠገቧ ፀጉር ቤት ካላት ከጽናት የፀጉር ማድረቂያ ተውሳ መጣች። ሞተሩን አስነሥታ ሞጁሏ ላይ፣ ብልጭታውን ለሚፈጥረው ኮይል ኤሌክትሪክ በምትከፍተውና በምትዘጋው ትንሽ ዕቃ ላይ፣ ትኩስ አየር ለቀቀች።

«ፀጉሯን ልትሠሪያት ነው?» አሉ ሰውየው እየሳቁ።

ትርሲትም ሳቀች። የገዛ ሳቋ እንግዳ ሆነባት።

ጥቂት እንደቆየ ሞተሩ ድርግም አለ። ቁልፉን ቢያዞሩት ብልጭታ የለም። ሞጁሏ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋ ስትጠብቅ ብልጭታው ተመለሰ።

«አገኘኋት! ሞጁሏ ናት። ስትሞቅ ትሞታለች።»

«አልሐምዱሊላህ! መለወጫዋስ ከየት ይመጣል?»

መለወጫዋ ግቢ ውስጥ ነበረች። ባስልዮስ «ስመለስ እሠራታለሁ» ብሎ የተዋት ተመሳሳይ ቶዮታ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ትርሲት ከእሷ አንዲት ብሎን እንኳ ፈትታ አታውቅም። ኮፈኑን ከፍታ፣ ካቻቪቴዋን እንደያዘች ብዙ ቆመች። ከዚያ ሞጁሏን ፈታቻት። በሰውየው መኪና ላይ አስራ ያንኑ ትኩስ አየር ደጋግማ ለቀቀችባት፤ ሞተሩ አልጠፋም።

«ሻይ ላስመጣ፣ አባባ?»

«ጉሙ ሳይብስ ልውረድ፣ ልጄ። አላህ ያክብርሽ» ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ደወሉላት። «ቆላ ገባሁ! አንዴም አልቆመች!»

ይህን የምትነግረው ሰው አማራት። ማድረቂያውን ልትመልስ ስትሄድ ፀጉር ቤቱ በሴቶች ጨዋታ ሞልቷል። ጽናት ዞር ሳትል «እዚያ አስቀምጪው» አለቻት። ወጥታ ለባስልዮስ ደወለች።

«ከመኪናህ ላይ ሞጁሏን ፈትቻለሁ፤ ቅር እንዳይልህ።»

«የቷ መኪና?»

«ሸራ የለበሰችዋ» አለችው።

«ውይ፣ ግቢ ያለችው? እሷንማ ረስቻታለሁ። ሥራ ላይ ነኝ ትርስዬ፣ በኋላ እደውላለሁ።»

ትርሲት ግቢ ገብታ ሸራውን ከመኪናዋ ላይ ገፈፈች። ባትሪውን አወረደች፤ ቀጥላ ኮይሉን፣ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ደህናውን ለብቻ፣ የተበላሸውን ለብቻ አስቀመጠች። እስኪመሽ ማንም አልመጣም።