የውሰት ባል

እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ፣ በባግሉንግ ከተማ ከአውቶቡስ ማቆሚያው በላይ ባለው ክሊኒክ ያለ ባል ፊርማ ጽንስ ያቋረጠች ሴት አልነበረችም። ባሏ ኳታር ያለ ወይም ጭራሽ ባል የሌላት፣ በሩ ላይ ሻይ የሚሸጠውን ቴክ ባሃዱርን ትዋሳለች። እሱ ገብቶ ይፈርማል፤ ወጥቶ ሻይ ይቀዳል። ነርሷም ታውቃለች። የማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጁናም ስንቴ ጠርታዋለች።

ያን ቀንም እጁን እያደራረቀ መጣ። "የዛሬዋ ሚስቴ የትኛዋ ናት?"

ፉልማያ አልሳቀችም። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከመንደሯ የወጣችው ለአማቷ ጥርሴን አመመኝ ብላ ነው። ጽንሱ አሥር ሳምንት ሆኖታል፤ በሴቲቱ ፈቃድ ብቻ የሚቻለው እስከ አሥራ ሁለት ነው። ዛሬ ከተመለሰች ሌላ መውጫ ሰበብ የላትም።

"እትዬ ጁና፣" አለች፣ "ባሌ ኳታር በረሃ ላይ እየለፋ ሌላ ሰው ባሌ ነው አልልም። ለገዛ ሆዴ ራሴ ልፈርም።"

"ሐሳብሽ አልተለወጠም?"

"አልተለወጠም።"

"እንግዲያው ጋሽ ቴክ፣ ወደ ሻይዎ ይመለሱ።"

"ይኸው ያለ ሽማግሌ ተፈታሁ!" እያለ ወጣ።

ነርሷ ሲስተር ሮሽኒ በመዝገብ ክፍሉ መስኮት አሻግራ አየቻቸው። "ባልየውስ?"

"የለም። እሷ ትፈርማለች፤ ሕጉ የሚጠይቀው የእሷን ብቻ ነው።"

"ደግሞ ዛሬ ምን ነካሽ? ሻይ ሻጩን ጥሪውና እንገላገል!"

"እስከ ዛሬ ጠርቼዋለሁ፤ አጥፍቻለሁ።"

"ነገ ባልየው መጥቶ በሬን ቢገነጥል አንቺ ትቆሚልኛለሽ?"

"እቆማለሁ። ግን የሻይ ሻጩን ፊርማ ቢያይስ ምን ልትይው ነበር?"

ነርሷ ወደ ፉልማያ ዞረች። "ዕድሜሽ ስንት ነው?"

"ሃያ ስምንት።"

"ያስገደደሽ ሰው አለ?"

"ማንም የለም። በእግሬ ነው የመጣሁት።"

ሮሽኒ ቅጹን አወጣች። ማስመሪያ አስደግፋ "የባል ፊርማ" የሚለውን ሰረዘችና ለፉልማያ ሰጠቻት። ቀጥላም የቀሩትን ቅጾች ከመሳቢያ አውጥታ አንድ በአንድ ትሰርዝ ጀመር።

ፉልማያ ከቀትር በኋላ በሰላም ወጣች። ክሊኒኩ እስኪዘጋ ሌሎች ሦስት ሴቶች ገቡ። አራቱም የፈረሙት ራሳቸው ብቻ ናቸው።