ብያለሁ

የልብስ ስፌት ፋብሪካው የኋላ በር በሰንሰለት ከተጠረቀመ ሰንብቷል። አለቃው ጨርቅ ይሰረቃል ባይ ነው። ከሰፊዎቹ አንዷ ግን በቀደም የአንዱ ስፌት መኪና ገመድ ሲጨስ ሠራተኛው ሁሉ ወደዚያ በር ሮጦ ከሰንሰለቱ ጋር ሲፋጠጥ አይታለች፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ስም ሳይጠቀስ አቤቱታ የሚላክበት ስልክ አለ። ምን ዋጋ አለው፣ መልእክቱን የሚያነበው ራሱ አለቃው ነው። ሠራተኞቹ "አፍንጫው" ይሉታል፤ ከአጻጻፉ ብቻ ጸሐፊውን አሽትቶ ያወጣል፣ ያወጣውንም ያባርራል። የሰፊዋን አጻጻፍ ለመለየት ደግሞ አፍንጫም አያስፈልግ፤ በምርቃት ጀምራ፣ በተረት አዋዝታ፣ "ብያለሁ" ብላ ነው የምትዘጋው። ለልጇ እንኳ "ዳቦ ይዘሽ ነይ፣ ብያለሁ" ብላ ትጽፋለች።

ይቺው ልጅ አንድ ሶፍትዌር ጫነችላት። የጻፉትን ተቀብሎ አጻጻፉን ይቀይራል፤ ከፈለጉ ማንንም የማይመስል፣ ከፈለጉም የመረጡትን ሰው የሚመስል አድርጎ። ሰፊዋ ስለ በሩ ጻፈች፣ ሶፍትዌሩ አጥቦ ማንንም የማይመስል አደረገው፣ ተላከ።

በማግስቱ አለቃው ሰብስቦ አነበበላቸውና ሳቀ። እዚህ ቤት እንዲህ የሚጽፍ የለም፣ የውጭ ሰው ተንኮል ነው ብሎ ሰረዘው። ሰፊዋ አንጀቷ አረረ። የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው፤ ጭሱም ፍርሃቱም አብሮ ታጥቦ፣ እሷ ራሷ ስትሰማው አላመነችውም።

በምሳ ሰዓት አጠገቧ ለምትሠራው ለሸሚዝ ቁልፍ ተካይዋ ሁሉንም ነገረቻትና በራሷ አፍ ልትጽፍ መቁረጧን አስታወቀች።

"ያባርርሻል እኮ፣ እህቴ።"

"ያባርረኝ። ከእሳት መውጫ ከማጣ ከሥራ ብወጣ ይሻለኛል።"

እዚያው ተቀምጣ ጻፈች፦ "ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሰንሰለቱ ይነሳ። ብያለሁ።" ላከችው። ቁልፍ ተካይዋ ለእኔም ላኪልኝ አለቻት፣ ቀጥላም የሶፍትዌሩን ስም ጠየቀች።

ጠዋት አለቃው ስልኩን ጨብጦ በቀጥታ ወደ ሰፊዋ መጣ። ቀድማው ተነሳች።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"የትኛውን?" አለና ስልኩን አሳያት።

መልእክቱ ተደርድሯል። አንዱ ስለ ልጆቹ፣ ሌላዋ ስለ እርግዝናዋ፣ ሁሉም ስለ በሩ፤ ሁሉም መርቆ ይጀምራል፣ ሁሉም "ብያለሁ" ብሎ ይዘጋል። ሰፊዋ እንባዋ መጣ። ቁልፍ ተካይዋ አቀርቅራ ክር ትበጥሳለች።

"ሰንሰለቱ ይነሳ" አለች ሰፊዋ።

"ብያለሁ" አለች ቁልፍ ተካይዋ፣ ቀና ሳትል። ከጥግ ልብስ ተኳሹ ካውያውን አስቀምጦ ደገመው። ከዚያ መኪኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ፣ ቃሉ ከወንበር ወንበር ዞረ።

አለቃው የሰንሰለቱን ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።