የፍልሰታ ጉበት

በፍልሰታ ጾም ጥሬ ጉበት ከወዴት ይገኛል? ይርሳው በረዶ የሞላውን ጋን ጭድ ውስጥ እየቀበረ ይህንኑ ያወጣል ያወርዳል። በረዶው የወረደው ነሐሴ አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የብቸናን ቆርቆሮ ሁሉ ሲደበድብ ቆየና የጤና ጣቢያውን ግቢ ነጭ አልብሶት ሄደ። ሰው ስለ ቡቃያው "እግዚኦ" ሲል፣ ይርሳው ባልዲ ይዞ ወጣ።

"አቶ ይርሳው፣ በረዶ መነገድ ጀመርክ እንዴ?" አለችው ነርሷ ፅጌረዳ ከበሩ ሆና። "እኛ ደሴ በረዶ የሚለቅሙት ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ናቸው።"

"ሥራ አለኝ ሲስተር።"

"የምን ሥራ? ሽንት ለመመርመር በረዶ ያስፈልጋል የሚል አልሰማሁም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ይርሳው ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ከመግባቱ በፊት ባሕር ማዶ አራት ዓመት ተምሯል። ትምህርቱ የሴልን የውስጥ ዕቃ መለየት ነበር፤ ጉበት ይፈጫል፣ ይሽከረከራል፣ ከባዱ ከቀላሉ ይለያል። አባቱ ሲሞቱ ለተዝካር ብሎ መጣና በዚያው ቀረ፤ የትምህርት ድጎማውም ተቋረጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሽንትና የሰገራ ብልቃጥ ሲያነሳ ሲጥል፣ ያን ሁሉ የተማርኩት ለማን ነው እያለ ራሱን ይጠይቃል። ባለፈው ወር ድሮ ያስተማረው ፕሮፌሰር ጻፈለት። "እጅህ አለመዛጉን የሚያሳይ ሥራ ላክልኝ። የእኛ መስከረም እስኪጠባ ቦታህን እይዝልሃለሁ" ይላል ደብዳቤው።

የፈረንጆቹ መስከረም ሊጠባ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ደብዳቤ ከብቸና ተነስቶ እዚያ ለመድረስም ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል። የተፈጨ ጉበት ደግሞ ሙቀት ካገኘው ራሱን በራሱ ይበላል፤ ያለ በረዶ አይሠራም። በረዶው ዛሬ ወረደ። ጉበቱ ግን ጾሙ ሲፈታ ካልሆነ የለም፤ ያን ጊዜ በረዶውም ቀኑም አልፏል።

"ሞጣ ሥጋ ሻጩ እንድሪስ አለልህ" አለችው ፅጌረዳ ታሪኩን ስትሰማ። "እሱን ፍልሰታ አይመለከተውም።"

በማግስቱ ማለዳ ይርሳው የሻይ ፔርሙዙን በበረዶ ሞልቶ ከወባ መከላከያው መኪና ሾፌር ከፈረደ ጎን ተቀመጠ። ሞጣ ሲደርሱ እንድሪስ ሙክቱን ሰቅሎ ቢላውን ይስላል።

"ክርስቲያን በፍልሰታ ጉበት ሲገዛ ዘንድሮ አየሁ" አለ እንድሪስ።

"ልበላው አይደለም።"

"ለድመት ነው?"

"ለመሣሪያ ነው።"

"ጉበት የሚበላ መሣሪያ!" እንድሪስ ሳቀ። ጉበቱን ግን ትኩሱን ቆርጦ፣ ደሙን አንጠፍጥፎ ፔርሙዙ ውስጥ ከተተለት።

ሲመለሱ ደብረ ወርቅ ላይ ፈረደ አንድ ብርድ ያንቀጠቀጣቸው ሽማግሌ ጫነ። ሽማግሌው ብዙም ሳይቆዩ ፔርሙዙ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ።

"ልጄ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከዚያች ትኩስ ነገር ትቀዳልኛለህ።"

"ሻይ አይደለም አባቴ።"

"ቡናም ቢሆን አልጠላም።"

"ጉበት ነው አባባ!" አለ ፈረደ መሪውን እየመታ። "የበግ ጉበት!"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ በሩ ተጠጉ። "የማን ልጅ ነህ?" ብለው ጠየቁ፤ ይርሳውም ነገራቸው። ብቸና ሲደርሱ ወርደው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀኑ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ይርሳው ጉበቱን በመቀስ ከታትፎ፣ በበረዶ ላይ በተቀመጠ የመድኃኒት ሙቀጫ ከስኳር ውሃ ጋር ፈጨው፤ በሻሽም አጠለለው። ጤና ጣቢያው ያለው ማሽከርከሪያ፣ ሴንትሪፉጁ፣ በእጅ የሚዞር፣ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር በብሎን የሚታሰር ነው። አራት የመስታወት ቱቦ አለው፤ አራት ብቻ። ይርሳው ሁለቱን በጉበቱ ጭማቂ ሞላ፣ በትይዩ ያሉትን ሁለቱን ደግሞ እንደ ወትሮው ከፍታቸውን በዓይኑ አስተካክሎ በተራ ውሃ። እጀታውን ያዘና አዞረ።

ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብሎኑ ላላ፣ መሣሪያው ተንገጫገጨ፣ ቀጥሎ የመስታወት ድምፅ መጣ። ሲቆም ሁለቱ ቱቦዎች ደቅቀዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ውሃ ይወርዳል።

ይርሳው እጁን እጀታው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ስኳር የሟሟበት ውሃ ከተራ ውሃ ይከብዳል። ትይዩ ቱቦዎች የሚስተካከሉት በክብደት እንጂ በዓይን አይደለም። እዚያ ሳለ የመጀመሪያ ቀን የተማረው ይህን ነበር። ለሽንት ግን ዓይን ይበቃል፤ ሁለት ዓመት ይህን የለመደው ዓይኑ ጉድ ሠራው።

"ይርሳው!" የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ። እናቱ እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መንኩሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይኖራሉ።

"ይግቡ እማሆይ።"

"አልገባም! ሥጋ ካለበት ቤት በፍልሰታ አልገባም። ጉበት በፔርሙዝ ይዘህ መጣህ አሉኝ፤ ያውም እንድሪስ ያረደውን! ደጀ ሰላሙ ሁሉ እኔን ሲያይ ያንሾካሹካል።"

"ልበላው አይደለም።"

"እኔ ምስክር ነኝ እማሆይ" አለች ፅጌረዳ ስብርባሪውን እየጠረገች። "ስኳር ጨምሮበታል። በስኳር ጉበት የሚበላ ሰው ካለ ገዳም ሳይሆን አማኑኤል ነው የሚወሰደው።"

እማሆይ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያም ገቡ፤ ከጉበቱ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

"ታዲያ ምን ልትሆንበት ነው?"

"ጉበቱ ከዓይን ካነሱ ነገሮች የተሠራ ነው። እያንዳንዱም እንደ እንቁላል አስኳል አለው። ቅርፊቱን ሰብሬ አስኳሉን ለብቻው ላወጣ ነው። ከባድ ስለሆነ ቀድሞ ይዘቅጣል።"

"ዝም ብለህ ብታሳድረውስ? አተላ ማንም ሳይነካው ይዘቅጥ የለም?"

ይርሳው እናቱን አያቸው። "ይዘቅጣል። ግን እስኪዘቅጥ ይበላሻል። ስናሽከረክረው በአሥር ደቂቃ ይወርዳል።"

በዚህኛው ጊዜ የቀሩትን ሁለት ቱቦዎች በተረፈው የጉበት ጭማቂ፣ በመድኃኒት ሚዛን እያየ፣ በጠብታ እያስተካከለ ሞላ። ብሎኑን አጥብቆ ማዞር ጀመረ። ለሴኮንድ አንድ ዙር ነው የሚፈለገው፤ ክንዱ ግን አልታዘዝ አለው።

"አንዴ ትሮጣለህ፣ አንዴ ትተኛለህ" አሉ እማሆይ። "የዛሬን ውዳሴ ማርያም ገና አላደረስኩም። እኔ ልድገም፣ አንተ በእኔ አዙር።"

ይደግሙ ጀመር። አፋቸው አይቸኩልም፣ አይዘገይም፤ የአርባ ዓመት ልማድ ነው። ይርሳው ክንዱን ለድምፃቸው ሰጠው። መሣሪያው አንድ ዓይነት ዝማሬ ይዞ ቆየ፤ ፅጌረዳ ሰዓት እያየች አሥር ደቂቃ ሲሞላ እጇን አነሳች።

ከቱቦዎቹ ግርጌ የጣት ጥፍር የምታህል ደለል ተቀምጣለች። ይርሳው በሰማያዊ ቀለም ነክሮ ማይክሮስኮፕ ሥር አያት። አስኳሎቹ ድብልብል ብለው እንደ እህል ተሰጥተዋል። በመካከላቸው ያልተሰበረ ሴልና ደም አለ፤ ንጹሕ ሥራ አይደለም፤ ግን ሥራ ነው። ከደለሉ በላይ ደመና በመሰለው ውሃ ውስጥ ሌሎቹ የሴል ዕቃዎች ቀርተዋል። እነሱን የሚያወርደው ከዚህ አሥር እጥፍ የሚፈጥን መሣሪያ ነው፤ ያም ያለው እዚያ ነው።

እማሆይም አጎንብሰው አዩ። "ኑግ ይመስላል" አሉ። ቀና ሲሉ፣ "ይህን ሲያይ ይወስድሃል ሰውየው?"

"ይመስለኛል።"

"ለስንት ዓመት?"

"ለሦስት።"

እማሆይ ዘንጋቸውን አነሱ። "ደግ። የተረፈውን ለውሻ ስጠው" ብለው ሄዱ።

ማግስቱ ቅዳሜ፣ ገበያ ነበር። በአራት ቱቦ ቀትር ላይ የሚያልቀው ወረፋ በሁለት ቱቦ አልንቀሳቀስ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፅጌረዳ የቀሩትን ሰኞ ኑ አለቻቸው።

"ሰኞ?" አለች አምሳለች የምትባል እግሯ ያበጠ ነፍሰ ጡር። "እኔ በዶሮ ጩኸት ተነስቼ አሁን መድረሴ ነው እኅቴ። ለሰኞ ለመድረስ ቤቴ ሳልገባ ከመንገድ ልመለስ?"

"እኔን አትዪኝ። ቱቦውን የሰበረው እሱ ነው።"

አምሳለች ወደ ይርሳው ዞረች። አልተቆጣችም፤ ብልቃጧን ዘረጋችለት። ይርሳው ተቀበላትና መረመረላት፤ ከእሷ በኋላ የቆሙትንም አንድ በአንድ ጨረሰ። ሲወጡ ፅጌረዳ ጋዋኗን እያወለቀች፣ "ሌላ አንዷ ቱቦ ብትሰበር መሣሪያው ቆመ ማለት ነው" አለች። "ባለፈው የጠየቅነው የማይክሮስኮፕ መስታወት ዓመት ከአራት ወር ነው የፈጀው። አንተማ ትሄዳለህ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይርሳው ደብዳቤውን ጻፈ። ያየውን ከነቆሻሻው ሣለ፤ ስንት ዙር፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ስኳር እንደሆነ ዘረዘረ። ከገጹ ግርጌ ለአንድ ልመና ቦታ ቀረው። ፕሮፌሰሩ በአንድ ደብዳቤ ሁለት ነገር የሚጠይቀውን ሰው አይወድም፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቁታል። ይርሳው "በመስከረም ለመምጣት" ብሎ ጀመረ። ብዕሩን አነሳ። ሰረዘውና ከሥሩ ጻፈ፦ "አሥራ አምስት ሚሊ ሊትር የሚይዙ፣ ጫፋቸው የሾለ አሥራ ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ቢልኩልን።"

ሰኞ ማለዳ ደብዳቤው በአውቶቡስ ሄደ። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ። ይርሳው የቱቦዎቹን ጥቅል ፍለጋ ረቡዕ ረቡዕ ፖስታ ቤት ብቅ ይላል።

"ከፈረንጅ አገር? የለም አቶ ይርሳው" ይላል ሠራተኛው፣ እስኪጠየቅም አይጠብቅም።