የአንድ ካርቶን ቁልፎች

«ኧረ ምስሬ አረረ! ኧረ ቤቴ ሊቃጠል ነው!»

እትዬ አፀደ የተዘጋ በራቸውን በሁለት እጃቸው ይደበድባሉ። ቆሻሻ ሊደፉ ብቅ ባሉበት ነፋስ በሩን ጠርቅሞባቸዋል፤ ቁልፉም ስልኩም ውስጥ ናቸው፤ ድስቱም ምድጃው ላይ ነው። ጎረቤታቸው ዕፀገነት ለሥራ ልትወጣ የራሷን በር እየቆለፈች ነበር። ሮጣ መጥታ በትከሻዋ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። ጭሱ በበሩ ሥር መውጣት ሲጀምር ጨነቃትና፣ ምን ይጎዳል ብላ የራሷን ቁልፍ ሰካችው።

ዞረ። በሩም ተከፈተ።

እትዬ አፀደ ምድጃውን አጥፍተው፣ መስኮቱን ከፋፍተው፣ እያሳሉ ተመለሱ። «እመቤቴ ናት የከፈተችው!» ብለው ዕፀገነትን አቅፈው ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሁለቱም ዓይናቸው በር ላይ ወደተሰካው ቁልፍ ሄደ።

«ባንቺ ቁልፍ የኔ በር?»

«አምና የሕንፃው ኮሚቴ ለሁላችንም በካርቶን ያስመጣው ቁልፍ ነዋ! በአንድ ላይ ሲገዛ ይረክሳል ተብሎ…»

«ታዲያ የሁላችንም አንድ ነው ማለት ነው?» እትዬ አፀደ ደረጃውን ወደ ላይ ወደ ታች ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዳታወሪ ልጄ። ጎረቤት ለጎረቤት በክፉ ዓይን መተያየት ይጀምራል። እስከ ዛሬ ማን ምን ወሰደብን?»

«እሺ» አለች ዕፀገነት። ረፍዶባትም ነበር።

ከየካ አባዶ መገናኛ እስክትደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ቁልፉን እንደ ጨበጠች ነበር። ቦሌ ያለው ትንሹ መሥሪያ ቤታቸው በክትባት ማቀዝቀዣዎች ላይ የሚገጠም ሣጥን ይሠራል። ሣጥኑ የማቀዝቀዣውን ሙቀት በስልክ መስመር ይናገራል፤ ከሩቅ ሲታዘዝም ማቀዝቀዣውን ያስተካክላል። ውስጡ ያለውን ቦርድ የነደፈችው ዕፀገነት ናት። የባለቤቱን ትእዛዝ ከሌላው የሚለይበት የምስጢር ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር ደግሞ በሁሉም ሣጥኖች አንድ ዓይነት ነው። የገጠር ቴክኒሻን እንዳይቸገር ብላ ይህን የመረጠችው ራሷ ነበረች፤ ያን ጊዜ ሁሉም አጨብጭበውላታል። ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች የሚረከቡበት ቀን ነው። ሚኒባሱ መገናኛ ሲቆም መውረድ ፈራች።

ሥራ አስኪያጁ ዋቅቶላ አዲስ ኮት ለብሶ ጠበቃት። የአንዱ ሣጥን ቁጥር ሁሉንም እንደሚከፍት ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ዛሬ? ቀን ጠፍቶ ዛሬ?»

መልስ ከመስጠት ይልቅ አንዱን ሣጥን በጠመንጃ መፍቻ ፈታች። ለጥገና ክፍት በተተዉት፣ ፒን በሚባሉት የቦርዱ ትንንሽ የብረት ጫፎች ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ሰካችና ቁጥሩን በላፕቶፗ አነበበችው። ከዚያ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ለማሳያ ማንቂያው ሲጮህ ለነበረው፣ እጇ ላልነካው ሌላ ሣጥን «ዝም በል» የሚል ትእዛዝ ላከች። ዝም አለ።

«ማን ገጠር ድረስ ሄዶ ሣጥን ይፈታል ብለሽ ነው?» አለ ዋቅቶላ።

«አንዱን ብቻ ያገኘ ሰው ይበቃዋል። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሁሉንም ማቀዝቀዣ ያጠፋዋል። ክትባቱ ተበላሽቶ ለሕፃናት ይወጋል፤ እኛ ደግሞ ደህና ነው እያልን እንቀመጣለን።»

«እናስረክብና ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።»

«ፒኖቹን ከዚህ ሆኜ ልዘጋቸው አልችልም፣ ዋቅቶላ። ሣጥኖቹ አንድ በአንድ ተፈትተው ነው የሚዘጉት።»

«ይህ ውል ከቀረ እኮ ቢሮውን መዝጋታችን ነው!»

በዚህ መሀል ሣጥኖቹን ለገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚገዙት ዶክተር ዓለም ገቡ። ዋቅቶላ ወንበር እየሳበላቸው ዕፀገነትን በዓይኑ ተማጸናት። እትዬ አፀደ ጠዋት ያዩዋት ልክ እንደዚሁ ነበር። ማፈር ብቻ አይደለም፣ ፈራች፤ ሁለት ዓመት የለፋችበት ሥራ በገዛ አፏ ሊፈርስ ነው።

«ዶክተር፣ ዛሬ ባይረከቡን ይሻላል» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ጥፋቱ የእሷ መሆኑንም አልሸሸገችም።

ዶክተር ዓለም የተፈታውን ሣጥን አንሥተው አገላብጠው አዩት። «መፍትሔውስ?»

«ቦርዱ ላይ ባለው ቺፕ ውስጥ እስካሁን ያልተጠቀምንበት የተቆለፈ ክፍል አለ። እያንዳንዱ ሣጥን እዚያ ውስጥ የራሱን ቁጥር ራሱ ይፈጥራል፤ እኛም እንኳ አናየውም። ፒኖቹን እንዘጋቸዋለን። ቴክኒሻን ሲመጣ ለዚያ ሣጥን ብቻ ፈቃድ ይሰጠዋል። ሦስት ሳምንት ይፈጃል።»

ዶክተር ዓለም ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

«ከተረከብኩ በኋላ ሰምቼው ቢሆን ሁለተኛ ደጃችሁን አልረግጥም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ሳምንት እጠብቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን እንዳትለምኑኝ።»

ከወጡ በኋላ ዋቅቶላ አዲሱን ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለና እጅጌውን ሰበሰበ። «አቀብይኛ መፍቻውን! ቆመሽ ልታዪኝ ነው?» አላት። ዕፀገነት ልታለቅስ ምንም አልቀራት፤ ሳቀች።

ማታ መገናኛ ወርዳ የበር ቁልፍ ሻጭ ጋ ገባች። «የፈለግሽውን አንሺ፣ ሁሉም አንድ ነው እህቴ» አላት።

«እሱን ነው የማልፈልገው» አለችና አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለእትዬ አፀደ ሁለት ቁልፍ መርጣ የአንዱን መክፈቻ በሌላው እያዞረች ሞከረች። አልከፈተም። ሻጩ «ሌባ አስመሰልሽኝ እኮ!» እያለ ጠቀለለላት።

እትዬ አፀደ አዲሶቹን ቁልፎች ሲያዩ ኩርፊያ ያዛቸው። «አታውሪ አላልኩሽም?»

«እሺ ብዬዎት ነበር። ግን ላይኛው ፎቅ ያሉት ልጆቻቸውን ቆልፈውባቸው ነው የሚወጡት፤ ሳያውቁ ማደር የለባቸውም። ሲያውቁ ይቀይራሉ። ሳያውቁ ግን አምነው ይተኛሉ።»

እትዬ አፀደ ረጅም ትንፋሽ አወጡና ነጠላቸውን አነሡ። «በይ እንግዲያው ከኮሚቴው ሰው ከገረመው እንጀምር፤ ካርቶኑን የገዛው እሱ ነው። እኔ ነኝ የምነግረው፤ አንቺ ከነገርሽው ይቆጣል።»

«አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አለች ዕፀገነት። የራሷን አዲስ ቁልፍ መጠቅለያ ከፈተችና ከተጠባባቂ መክፈቻዎቹ አንዱን አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«ደግሞ ይሄ የምን ነው?»

«የኔ በር መክፈቻ። የኔም ምስር አንድ ቀን ያርራል።»

«አንዴ ቀይሪ፣ አንዴ ስጪ! ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«የድሮው ቁልፍዎ በሬን የሚከፍተው ማንም ሳይሰጥዎት ነበር፣ እትዬ አፀደ። ይሄኛውን እኔ ነኝ የሰጠሁዎት።»

እትዬ አፀደ ቁልፉን አገላብጠው አዩት፤ የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት፤ ከዚያ ቀድመዋት ወደ ገረመው ቤት ደረጃውን ወረዱ።