ሽበሺ ያጣው ጩኸት

መኝታ ቤቴን በኬሻ ለበጠው ብል ማን ያምነኛል? ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ መስኮቱን ሳይቀር በባዶ የቡና ኬሻ ሸፍኖ አልጋዬን ሳሎን አወጣው። «ድምፅ እንዳይወጣ ነው፣ አበሩ» አለኝ። ድምፅ እንዳይወጣ! ስድሳውን ያለፈ ሰውዬ እዚያ ውስጥ ቆሞ ሲያጓራ ይውላል፤ እኔ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር አልጋዬን ሳነጥፍ እውላለሁ። አንድ ወር እንዲህ ኖርን።

ባሌ ሽበሺ የሄቪ ሜታል ዘፋኝ ነው። ይሄን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። በጎረምሳነቱ ሰኮሩ አጠገብ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ተቀጥሮ ሳለ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ካሴት ሰጠውና በዚያው ተለከፈ። ጅማ ተመልሶ ከጓደኛው ከሸኩር ጋር ባንድ አቋቋመ። ሸኩር ድራም መቺ ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮ ቤት አለው። ድሮም የሚመታው ቆርቆሮ ነበር እላለሁ እኔ። ሁለት ካሴት አወጡ፤ ባንዱ ተበተነ፤ ሽበሺ መሥሪያ ቤት ገባ። ጡረታ ሲወጣ እንግዲህ አርፎ ይቀመጣል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሞኝ ነኝ።

አንድ ሰው ያንን አሮጌ ካሴት ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው። ብዙም ሳይቆይ ዳግማዊ የሚባል ወጣት፣ ስቱዲዮ ያለው፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ላፕቶፑንና ማይኩን ተሸክሞ ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ደጃፌ ላይ ቆመ። ጥቁር ካናቴራ፣ የታሰረ ፀጉር። «ጋሼ ሽበሺ፣ እርስዎ እኮ ሌጀንድ ነዎት! አልበም እንሥራ» አለው። የእኔ ሌጀንድ በዚያች ሰዓት ቧንቧ እየጠገነ ፒጃማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰውዬው ዓይኑ በራ፤ ወገቡን የሚያመው እንኳ ተወው። ምን ልበል? ኬሻውን ፈቀድኩ።

ስምንቱ ዘፈኖች ያለ ችግር አለቁ። ጣጣው ዘጠነኛው ነው፤ «የግቤ ዳገት» ይባላል። ቡና የጫነ መኪና የግቤን ዳገት ሲወጣ ነው፤ ሲያቃስት፣ ሲግል፣ ሊቆም ሲል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሽበሺ ይጮሃል። ዘፈኑ ያ ጩኸት ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደዚያ መሄጃ ነው። ሸኩር እንደሚለው በጉብዝናው ጊዜ ያንን ሲጮህ የሆቴሉ ዘበኛ ዱላውን ይዞ ሮጦ ይገባ ነበር። አሁን ግን ጉሮሮው እምቢ አለ። ሐኪሙም አይቶት «ይህን አልበም ይጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ማውራት እንጂ መጮህ የለም፤ ድምፅዎን ጨርሶ ያጡታል» ብሎታል። ስለዚህ አሁን ካልወጣ መቼም አይወጣም።

በየቀኑ ይሞክራል፤ የሚወጣው የታነቀ ዶሮ ድምፅ ነው። «ያለሱ በስምንቱ እናውጣዋ» ይለዋል ዳግማዊ። «ዳገቱ ከሌለ አልበም የለም» ይላል ሽበሺ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ከኬሻው ይወጣና ምሳውን ሳይነካ ይተወዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዕድሜ ልኬን ዝም በል ያልኩት ጩኸት እምቢ ሲለው እንዲወጣለት የምጸልየው እኔ ሆንኩ። ዳግማዊ እሑድ ሊመለስ ትኬት ቆርጧል። የቀረው ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ አሰንዳቦ እህቴ ቤት መሄድ ነበረብኝ። ሰው ሳይነቃ ተነስቼ በሚኒባስ ሄድኩ፤ ስልኬን ቻርጅ ላይ ረስቼዋለሁ። ሽበሺ መሄዴን ያውቃል። ጎረቤት ግን አያውቅም። ደግሞ በዚያው ሳምንት የደም ግፊቴ ተነስቶ ጎረቤቴ ፈድሊያ ክሊኒክ አድርሳኝ ነበር። ፈድሊያ የሸኩር ሚስት ናት፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፤ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ተጠያይቀን፣ ትንሽ ሰው አምተን ነው ቀናችንን የምንጀምረው። የዚያን ቀን ጠበቀችኝ፤ የለሁም።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲላቸው እነሽበሺ ኬሻውን ገልጠው መስኮት ከፈቱ። ፈድሊያ ልብስ እያሰጣች ከቤቴ ውስጥ የወንድ ልቅሶ ትሰማለች፤ የተሰነጠቀ፣ መሃሉ ላይ የሚቋረጥ። «ያ ረቢ! አበራሽ!» ብላ ልብሱን ጥላ ሮጠች። በሩን ብታንኳኳ ከውስጥ ተቆልፏል። ደገመች። የሚመልስላት ያው ጩኸት ነው። እሪ ብላ ባሏን ጠራችው።

ሸኩር ዛሬ የእድራችን ሰብሳቢ ነው። የእኛ እድር ደግሞ! የተሰበሩትን ወንበሮች አስጠግኑ ብዬ አፌ እስኪደርቅ ብለምን የማይሰሙ ሰዎች ለእኔ ሞት ሲሆን እንዴት እንደፈጠኑ! ወዲያው ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወጣ፣ ንፍሮ ተጣደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው ግቢዬን ሞሉት። «ለምን በሩን ሰብራችሁ አላያችሁኝም?» ብዬ በኋላ ጠይቄያቸዋለሁ። «ከሬሳዋ ጋር ዘግቶ እያለቀሰ ነው፤ ትንሽ ይውጣለት ብለን ነው» አሉኝ። በየመሃሉ ከውስጥ ጩኸቱ ይመጣል፤ እነሱም ይከተሉታል፤ ያለቅሳሉ። ለካ ሽበሺ እያጀበ ሲያስለቅሳቸው ነው የዋለው።

ውስጥ ያለው ዳግማዊ ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ ደፍቷል፤ ሽበሺም ሙዚቃው እየተለቀቀለት ሌላውን ደፍቷል፤ የውጭውን አንዳቸውም አይሰሙም። በመጨረሻ ዳግማዊ «ጋሼ፣ ኬሻው ድምፅዎን እየዋጠው ነው፤ በረንዳ ላይ ወጥተን እንሞክር» ይለዋል። ማይኩን ከነማቆሚያው አንስቶ፣ ገመዱን እየሳበ፣ በሩን ከፍቶ የኋሊት ወጣ። ሰዎቹንማ አይቷቸዋል። የሰፈር ሠርግ መሰለው። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች አይቶ ሠርግ የሚመስለው የአዲስ አበባ ልጅ ብቻ ነው! ማይኩን በረንዳዬ ላይ ተክሎ መቅጃውን ጀመረና «ጋሼ፣ ዝግጁ ነን» አለ።

ሽበሺ ማዳመጫውን አውልቆ ወጣ። ቀና አለ።

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ተሰብስቦ ይመጣል፤ ማንም ቀድሞ አይናገርም። እና ሽበሺ ምን አየ? ደጃፉ ላይ ድንኳን፤ ዓይኗ ያበጠ ፈድሊያ፤ አቀርቅሮ የተቀመጠ ሸኩር፤ ጸጥ ያለ ግቢ። እነሱ እንዴት እንደሞትኩ እሱ እስኪነግራቸው ይጠብቃሉ፤ እሱ እነሱ እስኪነግሩት ይጠብቃል። የእሱ ሐሳብ አሰንዳቦ መንገድ ላይ ነው፤ ሚኒባሱ ላይ። አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ። ያኔ ሸኩር ተነስቶ ትከሻውን ያዘውና «አይዞህ ወንድሜ፤ የአላህ ሥራ ነው» አለው።

እኔ በዚያች ደቂቃ ከባጃጅ እየወረድኩ ነበር፣ እህቴ የሰጠችኝን አቮካዶ በፌስታል አንጠልጥዬ። ድንኳኑን አየሁ። በማን ደጅ? በእኔ! ሽበሺ ሞተ አልኩ። ጩኸቱ ገደለው፤ ያ ዘፈን ልቡን አፈነዳው። ፌስታሉን መቼ እንደጣልኩት አላውቅም፤ እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ ሮጥኩ። በሩ ጋ ስደርስ ነው የሰማሁት።

«አበሩዬ!»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ከታች፣ ከሆድ ተነሳ፤ እያቃሰተ ወጣ፤ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀና አበቃ ስል ከስንጥቁ ውስጥ እንደገና ተነስቶ ረዘመ፣ ረዘመ። የውሻው ሁሉ አፍ ተዘጋ። ስሜ ያን ያህል እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ይሄ ሰውዬ ስለ መኪና፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ነጎድጓድ ዘፍኗል፤ እኔን አንዴም ዘፍኖኝ አያውቅም፤ እወድሻለሁ ማለትም አይሆንለትም፤ በቃ አይወጣውም። አሁን ሰፈር ፊት በረንዳዬ ላይ ቆሞ አንጀቱ ሲበጠስ እያየሁት ነው።

እኔ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሳላስበው «ምን ሆነሃል አንተ? ማነው የሞተው?» ብዬ ጮህኩ።

ያኔ የሆነውን ለማየት መክፈል ይገባ ነበር። ፈድሊያ «አዑዙ ቢላህ!» ብላ አግዳሚው ላይ ወጣች። ንፍሮ የያዘችው ሴትዮ ንፍሮውን በተነችው። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ትተው በአጥር ሊዘሉ ሲሉ በጋቢያቸው ተያዙ። ሽበሺ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ስጠጋው ጉንጬን በሁለት እጁ ያዘው፤ በሰው ፊት፤ ሊናገር ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ የለውም።

ነገሩ ከተብራራልኝ በኋላ ዞርኩባቸው። «በቁሜ ቀበራችሁኝ? ደግሞ ያቺን የተቀደደች ድንኳን ነው ለእኔ የተከላችሁት? አዲሷ ለማን ነው የተቀመጠችው?» ከዚያ ወደ ሸኩር። «አንተስ? ድራም ስትመታለት የኖርክ ሰው ጩኸቱን አታውቀውም?»

«አበሩ፣ ማሎ፣ እባክሽ» አለ ሸኩር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እንደዚህ የተበላሸ ጩኸት በሕይወቱ አውጥቶ አያውቅም። ልቅሶ ነው አልኩ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ፈድሊያ ናት። ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ ዓይናቸው እንባ እንደያዘ። የተጣደው ሁሉ ተበላ፤ ለሞቴ የመጣው ምስር ወጥ፣ አልዋሽም፣ ጨው አንሶታል።

ዳግማዊ ግን አልበላም። በረንዳው ላይ ማዳመጫውን አውልቆ ፊቱ ገርጥቶ ቆሟል። «ጋሼ» አለ፣ «ይዤዋለሁ።» ገባንና ጩኸቱን ከዘፈኑ ጋር አጋጥሞ ከፈተልን። መኪናው ያቃስታል፤ ይግላል፤ ሊቆም ይላል፤ ጫፉ ላይ የእኔ ስም ይነሳል።

«አጥፋው» አለ ሽበሺ። ድምፁ ሹክሹክታ ነው። «ይሄ ዘፈን አይደለም። የቤቴ ነው፤ ገበያ አይወጣም።»

«ጋሼ፣ ሌላ እኮ የለንም። ጉሮሮዎ በቃ...»

«አውቃለሁ። አጥፋው። ዳገቱ ይቅር፤ አልበሙም ይቅር።»

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔም ሽበሺን አየሁት። ምግብ ያስተወውን ነገር አገኘው፤ አግኝቶ ደግሞ እኔ እንዳላፍር ብሎ ሊጥለው ነው። ልቅሶዬ ያኔ መጣ። ለራሴ ልቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ አልቅሶ ሲጨርስ እኔ ጀመርኩ።

«ይቀመጥ» አልኩ።

«አበሩ፣ ሰው ይሰማዋል።»

«ይስማው። የጮህከው ለእኔ ነው፤ እንግዲህ የእኔ ነው። ይቀመጥ ብያለሁ።» ዳግማዊ ደግሜ እስክናገር አልጠበቀም፤ ላፕቶፑን ዘግቶ ደረቱ ላይ አቀፈው።

አልበሙ ወጣ። አዲስ አበባ ያሉ ጥቁር ለባሾች ወደዱት አሉ፤ እዚህም የባጃጅ ልጆች ይዘውታል። ሽበሺ በሐኪሙ ትእዛዝ አይጮህም፤ ቀስ ብሎ ያወራል፤ አልጋዬም ቦታው ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት ከጅማ መርካቶ በባጃጅ ስመለስ አጠገቤ አንዲት ተማሪ ተቀምጣለች፤ ሹፌሩ «የግቤ ዳገት»ን ከፍቷል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ልጅቷ ወደ ፊት ዘንበል ብላ «እዚህ ጋ ምንድነው የሚለው?» አለችው።

«ሜታል ነው እህቴ» አላት፣ «ቃል የለውም። ዝም ብሎ ጩኸት ነው።»

«ስሜ ነው» አልኩት። «እስቲ ድምፁን ጨምርልኝ።»